ቀለበት፣ አራሚና መርማሪ

አንድ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ለዲኤንኤው ሙሉ ቅጂ ይሠራለታል። የሚቀዳው ስድስት ቢሊዮን ገደማ ጥንድ ፊደል ነው። ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ይሆናል። ሥራው የሚካሄደው ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ እምብዛም በማይበልጥ ኒውክለስ ውስጥ ነው።

ቦታውን ቀድሞ የሚይዘው ኤምሲኤም ነው። ስድስት የተለያዩ ፕሮቲኖች፣ ከኤምሲኤም2 እስከ ኤምሲኤም7፣ ጎን ለጎን ገጥመው አንድ ቀለበት ይሆናሉ። በኤምሲኤም2 እና በኤምሲኤም5 መካከል ያለው መጋጠሚያ ይከፈታል፤ ዲኤንኤው ይገባል፤ መጋጠሚያው ይዘጋል። ቀለበቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ፊት ለፊት ተገጣጥመው ይጠብቃሉ። ቅጂው ሲጀመር ይለያያሉ። እያንዳንዱ ቀለበት አንዱን ክር በመሃሉ አስቀርቶ ሌላውን ወደ ውጭ ያወጣል። ድርቡ የሚፈታው በዚህ መንገድ ነው።

ፒሲኤንኤ ሌላ ቀለበት ነው። አንድ ዓይነት ፕሮቲን ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ተሠርቷል። ቀዳዳው 3.5 ናኖሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የዲኤንኤው ድርብ ክር ውፍረት 2 ናኖሜትር ነው። ስለዚህ ክሩ ላይ ይንሸራተታል፤ የሚከፍተው ካልመጣ ግን አይወልቅም። ቅጂውን የሚጽፉት ኢንዛይሞች እሱን ይዘው ይሄዳሉ።

ከጸሐፊዎቹ አንዱ ፖሊሜሬዝ ኤፕሲሎን ነው። መጻፊያና መቁረጫ አለው። የገባው ፊደል ካልተጣመረ የክሩ ጫፍ ወደ መቁረጫው ይዞራል፤ ስህተቱ ተቆርጦ ጽሑፉ ይቀጥላል። ከእሱ ያመለጠውን ሁለት ጥንድ መርማሪዎች ይከታተሉታል። ኤምኤስኤች2 ከኤምኤስኤች6 ጋር ሆኖ ስህተቱን ያገኛል፤ ኤምኤልኤች1 ከፒኤምኤስ2 ጋር ሆኖ አዲሱን ክር ለእርማት ይቆርጣል። ሁሉም ሲሠሩ ከአንድ ቢሊዮን ፊደል የሚሳተው አንድ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

ፓቶሎጂስት ይህን ሥራ በቀለም ያነበዋል። ከአንጀት የተወሰደው ሥጋ በፎርማሊን ይቆያል፤ በፓራፊን ይያዛል፤ በ4 ማይክሮሜትር ውፍረት ይቆረጣል። የሚፈለገው ፕሮቲን ያለበት ኒውክለስ ቡናማ፣ የሌለበት ሰማያዊ ይሆናል።

የጤነኛ ትልቅ አንጀት ግድግዳ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሚጠልቁ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት። አዲስ ሕዋስ የሚወለደው ከታች ነው፤ የኤምሲኤም2 ቡናማም የሚታየው እዚያ ነው። ሕዋሱ ወደ ላይ ሲወጣ ይበስላል፣ መከፈሉን ያቆማል፣ ሰማያዊ ይሆናል። በካንሰር ቡናማው እስከ ላይኛው ገጽ ይወጣል።

ታዲያ ቡናማው በበዛ ቁጥር በሽታው ይከፋል? በትልቁ አንጀት ካንሰር ኤምሲኤም2ንም ሆነ ሌላውን የመከፈል ምልክት ኪ-67ን የቆጠሩ ጥናቶች አንድ መልስ አልሰጡም። ጠንከር ያለው ምልክት የሚገኘው ከእርማቱ ነው። ከእነዚህ ካንሰሮች 15 በመቶ ያህሉ የአራቱ መርማሪዎች ሥራ ጎድሎባቸዋል።

የመርማሪዎቹ አገጣጠም በስላይዱ ላይም ይታያል። ኤምኤልኤች1 ሲጠፋ ፒኤምኤስ2 አብሮ ይጠፋል፤ ያለ ጥንዱ አይጸናምና። ፒኤምኤስ2 ብቻውን ሲጠፋ ግን ኤምኤልኤች1 ይቀራል፤ ሌሎች ተጣማሪዎች አሉት። ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤስኤች6ም እንዲሁ ናቸው። ዕጢው ሰማያዊ ሆኖ በመካከሉ ያሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ቡናማ መሆን አለባቸው። እነሱም ሰማያዊ ከሆኑ ቀለሙ አልሠራም፤ ምርመራው ይደገማል።

እርማት የጎደለበት የሁለተኛ ደረጃ ዕጢ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመመለስ ዕድሉ ያነሰ ነው። የፖሊሜሬዝ ኤፕሲሎን አራሚ ክፍል የተበላሸባቸው፣ ከመቶ አንድ ያህል የሚሆኑ ዕጢዎችም በጎ ምልክት ያሳያሉ። ስህተቱ ሲከማች እንግዳ ፕሮቲኖች ይፈጠራሉ፤ የሰውነት መከላከያም ይለያቸዋል። በ2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የሰውነት መከላከያን የሚያነቃቃውን መድኃኒት ፔምብሮሊዙማብን መርማሪዎቹ ለጎደሉባቸው የተስፋፉ ዕጢዎች፣ ከየትኛውም አካል ቢነሱ፣ የፈቀደው በዚሁ መነሻ ነው።

የአራቱ ፕሮቲኖች ምርመራ ለእያንዳንዱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕመምተኛ ሊደረግ ይገባል። ውጤቱ መድኃኒት ያስመርጣል፤ ጉድለቱ በዘር የመጣ ከሆነም ወንድምና እህት፣ ልጆችም ሳይታመሙ እንዲመረመሩ ያደርጋል።