ሦስተኛው ሽቦ

"ጋሼ፣ አንድም ገመድ አይታይም፤ ግን ባለቤቱ ኮምፒውተሩን በነካ ቁጥር ይነዝረኛል ይላል። ምን ጎድሎበት ነው?" ሲል ጠየቀኝ በቅርቡ አብሮኝ መሥራት የጀመረ ልጅ። ፎቶውን በስልኩ አሳየኝ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ሁለቱ ሞኒተሮች በክንድ ተንጠልጥለዋል፣ ዲቫይደሩ ከጠረጴዛው ሆድ ሥር በብሎን ተይዟል፣ ገመዱ በየስንዝሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተጠፍሮ እንደ ሹሩባ ወርዷል። "ስፒናውን አሳየኝ" አልኩት። የስፒናው ፎቶ አልነበረውም። ማን የስፒና ፎቶ ያነሳል?

ሄደን አየነው። ከሶፋው ጀርባ፣ ባለ ሦስት እግሩን ስፒና ባለ ሁለት የምታደርገው ያቺ ነጭ አዳፕተር ተሰክታለች። በርካሽ የምትሸጥ፣ በየቤቱ የማትጠፋ፣ እኔ ግን ባየኋት ቁጥር የምናደድባት ዕቃ ናት። ሦስተኛው እግር እሷ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል፤ ወደ ግድግዳው የሚያሻግረው የለም።

የሞያ ጓደኞቼ ይህን ያውቁታል፤ ለልጁ ስል ልድገመው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የመስመሩን ጩኸት የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። አንዱ ከፌዝ ወደ ቆርቆሮው፣ ሌላው ከኒውትራል ወደ ቆርቆሮው ታስረዋል። ግራውንድ ካለ የሚሾልከው ኩረንት በሦስተኛው ሽቦ ወደ መሬት ይሄዳል፤ ከሌለ ቆርቆሮው በሁለቱ መሃል ተንሳፍፎ ይቀራል። በእኛ 220 ቮልት ይህ ወደ 110 ገደማ ነው፤ ቴስተር ብታስነካው ይበራል። ከአንድ መሣሪያ የሚሾልከው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ አምፒር በታች ስለሆነ አይገድልም፣ ይነዝራል እንጂ። ግን ሞኒተሮቹ፣ ፕሪንተሩና ስፒከሩ ሁሉ በገመዳቸው የብረት ልባስ ከኮምፒውተሩ ጋር ይገናኛሉና የሁሉም ፍሳሽ ይደመራል። የሚወጣበትን መንገድ ሲፈልግ የመጀመሪያው መንገድ የሰውዬው ክርን ነው። ሰው ባይኖር ደግሞ ወደቦቹን ያጠቃል። ዕቃው እንደበራ ኤችዲኤምአይ ሲሰካ ጫፉ ላይ ብልጭ የምትለዋን እሳት ያያት ያውቃታል፤ በእሷ የተቃጠለ ወደብ ስንቴ መጥቶልኛል።

ልጁ የተማረው ከቪዲዮ ነው፤ እሱን አልነቅፍም፣ እኔም ከቪዲዮ ብዙ ተምሬያለሁ። ጠቤ ሌላ ነው። እነዚያ ቪዲዮዎች የተቀረጹት ግድግዳው የራሱን ሥራ ቀድሞ በጨረሰበት ቤት ውስጥ ነው። ግራውንዱ ተቀብሯል፣ ብሬከሩ ተለክቷል፣ ሶኬቱ ሦስቱንም ሽቦ ይዟል፤ የቀረው ገመድ ማሳመር ብቻ ነው። እኛ ጋ ያንኑ ቪዲዮ የሚያይ ልጅ ሥራውን ከወገቡ ይጀምራል። በብዙ የድሮ ቤት፣ አዲስም በሆነ ቤት፣ ሶኬቱን ብትፈታው ሁለት ሽቦ ብቻ ታገኛለህ። አንዳንዱ ደግሞ የግራውንዷን ብረት አሳምሮ አቁሟት ከኋላዋ ምንም የለም። ይሄኛው ይብሳል፤ የሌለውን ያለ ያስመስላል።

ስለዚህ እኔ ዘንድ የሚሠራ ሰው ገመድ ከመንካቱ በፊት ሜትር ያወጣል። ከፌዝ ወደ ግራውንድ ወደ 220 ካላነበበ፣ ከኒውትራል ወደ ግራውንድም ከጥቂት ቮልት በላይ ካነበበ፣ ማሰሪያውን ወደ ቦርሳው ይመልሳል። እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር ተጣልቻለሁ።

ከሁሉ የባሰው ጠብ ኒውትራሉን ከግራውንዷ ብረት ጋር በአጭር ሽቦ ከሚያገናኙት ጋር ነው። "መነዘሩ ይጠፋል" ይላሉ፤ ይጠፋል። ሜትሩም ደስ የሚል ቁጥር ያነባል። ነገር ግን አንድ ቀን ከዚያ ሶኬት ወደ ቆጣሪው የሚሄደው ኒውትራል ቢላላ ወይም ቢበጠስ፣ ሙሉው 220 በዕቃው ውስጥ አልፎ በዚያች አጭር ሽቦ ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል። ያኔ የሚነዝር ኮምፒውተር ሳይሆን የሚገድል ኮምፒውተር ነው ያለህ። ይህን የሚሠራ ሰው ከእኔ ጋር ሁለተኛ አይሠራም። ከውኃ ቧንቧ ጋር የሚያስሩም አሉ። ቧንቧው ከቆጣሪ እስከ ቤት ብረት በነበረበት ዘመን ሰዎቹ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ዛሬ ግማሹ መንገድ ፕላስቲክ ሆኗል፣ ያሰሩት ከመሬት ጋር ሳይሆን ከጎረቤታቸው ሻወር ጋር ነው።

ኮተቤ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ተከራዩ ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ግራፊክ ዲዛይነር ነው፤ ላፕቶፑ ብረት ለበስ ስለሆነ ቻርጅ ላይ እያለ እጁን ሊያሳርፍበት አልቻለም። ዘንግ ልቅበር ስል አከራይዋ መጡ።

"አንተ ልጅ፣ ለኮምፒውተር ብለህ ግቢዬን አታስቆፍረኝም።"

"እማማ፣ ጉድጓዷ ትንሽ ናት፣ መልሼ እደፍናታለሁ።"

"መብረቅ ልትጠራብኝ ነው እንጂ!"

ክርክሩን ትቼ ውኃ ጠየቅኋቸውና ወደ ማድቤት ተከተልኳቸው። ከምጣዱ ፊት ጣውላ ተነጥፏል፣ ጣውላው ላይ የላስቲክ ጫማ ተቀምጧል። ምንድን ነው ስላቸው፣ ምጣዱ ስለሚይዛቸው ያለዚያ እንደማይጋግሩ ነገሩኝ። ከመቼ ጀምሮ? ከተገዛ ጀምሮ። ቅሬታ አልነበራቸውም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጠባዩ ይኸው ነው ብለው ተቀብለውታል። "እማማ፣ የምቀብረው ብረት ይህንንም ያቆመዋል" አልኳቸው። ዶማውን ያቀበሉኝ ራሳቸው ናቸው።

አንድ ሜትር ተኩል የመዳብ ዘንግ አወረድኩ፤ ዙሪያውን ከሰል ሞላሁበት። ጨው የሚጨምሩ አሉ። አፈሩን ለጊዜው ያሻሽለዋል፣ ዘንጉን ግን ይበላዋል፤ እኔ በበጋ ውኃ ማጠጣትን እመርጣለሁ። ዘንግ ብቻውን ደግሞ አይበቃም፣ ይህንን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አፈሩ 20 ኦም ቢሰጥህ፣ 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፒር ነው፤ ባለ 16 አምፒሩ ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ቆጥሮ ዝም ይላል። ስለዚህ በ30 ሚሊ አምፒር ፍሳሽ የሚቆርጠውን የሊኬጅ ብሬከር ከቆጣሪው ሥር ገጠምኩ። ምጣዱ እንደተሰካ ቆረጠ። መልሼ አበራሁት፣ መልሶ ቆረጠ። አከራይዋ እንጀራቸውን በሰው ቤት ሊጋግሩ ሆነ።

ምጣዱን ገለበጥኩት። ባለፉት ዓመታት በጠርዙ የወረደው ሊጥ ከማያያዣው ላይ ደርቆ ከስሏል፤ የሽቦው ልባስ ተቃጥሎ ባዶው መዳብ ከብረት ማቀፊያው ጋር ተነካክቷል። ፋቅሁት፣ ሙቀት በሚችል ሽቦና በሸክላ ማያያዣ ቀየርኩት፤ ብሬከሩም ሳይቆርጥ ዋለ። ለዲዛይነሩ ጠረጴዛ የመጣሁት ሰውዬ ቀኑን በምጣድ ሥር ጨረስኩት፣ የእሱን ገመድ ያሰርኩለት በማግስቱ ነው። አከራይዋ ከዚያ በኋላም ጣውላውን አላነሱትም፤ እግራቸው ለምዶታል።

ወደ ገመዱ እንመለስ፤ በዚህም ግትር ነኝ። የፕላስቲክ ማሰሪያ ለማይነካ ነገር ነው፣ የሰው ጠረጴዛ ደግሞ በየወሩ ይነካል። አንድ የሞኒተር ገመድ ለመቀየር ዓሥራ ምናምን ማሰሪያ በምላጭ የሚቆርጥ ሰው መጨረሻ ላይ ገመዱንም ይቆርጣል። ቬልክሮ ተጠቀሙ፣ ጣት እንዲያስገባ አላልታችሁ እሰሩ። የኢንተርኔቱ ቀጭን የፋይበር ገመድ በተለይ አይጠፈርም፤ ውስጡ መስተዋት ነው፣ ታጥፎ ሲታሰር ብርሃኑ ይፈስሳል፣ ሳጥኑም ላይ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ከዚያ ባለቤቱ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ሲደውል ይውላል። በእያንዳንዱ ገመድ ሁለት ጫፍ ላይ ደግሞ በወረቀት ፕላስተር ስሙን ጻፉ፤ እናንተ ሳትኖሩ የቤቱ ሰው የቱን እንደሚነቅል ይወቅ።

ትርፉን የኃይል ገመድ ጠቅልሎ ከጠረጴዛው ሥር መወተፍም ልማድ ሆኗል። ኮምፒውተርና ሁለት ሞኒተር ተደምረው ሁለት አምፒር አይሞሉም፣ ለእነሱ ምንም አይደለም። የሚያቃጥለው ማታ ሥራ ሲበዛ እዚያው ዲቫይደር ላይ የሚሰካው የሻይ ማፍያ ነው፤ 2000 ዋት ማለት 9 አምፒር ነው። በቀጭን ገመድ ላይ፣ ያውም ተጠቅልሎ ሙቀቱን መተንፈስ ባልቻለ ገመድ ላይ፣ ይህ ልባሱን ያቀልጠዋል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከውንም ዲቫይደር ገልብጣችሁ አንብቡ፤ 125 ቮልት የሚል ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ለልጆች መጫወቻ ስጡት። ውስጡ ያለው የኃይል መከላከያ የተለካው ለእነሱ መስመር ነው፣ የእኛ መስመር ጫፉ ወደ 310 ቮልት ይደርሳል፤ እንደተሰካ ይፈነዳል።

ስለ ዩፒኤስ ብዙ አልልም። ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩበት፣ ማሞቂያው ሲነሳ ትንሹን ዩፒኤስ ያንበረክከዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣም እጃችሁን ሰብስባችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ፍሪጁን በአንድ ጊዜ ሲያስነሳ መስመሩ ይዋልላል።

ልጁ ሰሞኑን ለምን በዚህች በአንዷ ሽቦ እንደምነታረክ ጠይቆኝ ነበር። እናቴም ጣውላ ላይ ቆማ ነበር የምትጋግረው። እኔና እህቶቼ ምጣዱን በጣታችን ጫፍ ነክተን ማን ብዙ ይታገሣል እያልን እንጫወት ነበር፤ ከእጅ መዳፍ ይልቅ በጀርባው መንካት እንደሚሻል ያወቅሁት ያኔ ነው፣ ጡንቻው ሲኮማተር እጅን ወደ ራሱ ይስባልና። በኋላ ሞያ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሳላውቀው በእጄ ጀርባ ስፈትሽ አይተው ማን አስተማረህ አሉኝ። ምጣዳችን አልኳቸው፤ አልሳቁም። የሚቀጥለው እሑድ ቦርሳቸውን ይዘው እናቴ ቤት መጡ፣ ምሳ በልተው፣ ዘንግ ቀብረው ሄዱ። ሒሳብ አልጠየቁም። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ልጆች አሉኝ።

ግምት ስጽፍ ግራውንዱንና የሊኬጅ ብሬከሩን የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ከገመድ ማስተካከሉ በላይ አደርጋቸዋለሁ። ደንበኛው ያንን መስመር ያይና ይህ ምኑ ላይ ይታያል ይላል። አይታይም። ባለፈው አንዱ መስመሩን በእስክሪብቶ ሰርዞ ወረቀቱን መለሰልኝ፤ እኔም ሥራውን መለስኩለት። ልጁ መንገድ ላይ ተቆጣኝ፣ የወር የቤት ኪራይ ነበር አለ። እውነቱን ነው፣ ነበር።