የታና ጎድጓዳ መሬት መቼ ሰመጠ? በሁለት ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

በወረታ ዙሪያ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ የሚመለከት ሰው ከደለልና ከሩዝ እርሻ በቀር ሌላ አያይም። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል ያመጡት አፈር የታችኛውን አለት ሸፍኖታል። ነገር ግን ሜዳውና የታና ሐይቅ የተኙበት ስፍራ ከዙሪያው ደጋ ዝቅ ያለ ነውና፣ መቼና በምን ምክንያት ሰመጠ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለዚህ ጥያቄ የቀረቡት ሁለት ዋና መልሶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያውን መልስ የሰጡት በ1998 ሾሮቪችና ባልደረቦቹ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ፣ በ1962 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስለ ኢትዮጵያ ጂኦሎጂ መጽሐፍ ያሳተሙት ፖል ሞር ናቸው። በእነርሱ አስተያየት ታና የሦስት ግራበኖች፣ ማለት በስብራቶች መካከል የወረዱ መሬቶች፣ መገናኛ ነው፤ የደንገል በሩ የተቀበረ፣ የጎንደሩ የተገለጠ፣ የደብረ ታቦሩ እንደገና የተንቀሳቀሰ። መሬቱ መስመጥ የጀመረው ባዛልቱ በሚከመርበት ዘመን ነው፤ ስብራቶቹም ከብዙ ዘመን በኋላ እንደገና ነቅተዋል ይላሉ።

ሁለተኛው በ2016 የወጣው የፕሬቭና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። እነርሱ በዚርኮን ውስጥ ያለውን ዩራኒየምና እርሳስ ለክተው፣ ታላቁ የአመድ ፍንዳታ ከ31.1 እስከ 30.8 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደ ሆነ አሳይተዋል። ገሞራው ሆዱን ባዶ ባደረገ ጊዜ ጣራው ሰምጦ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ካልዴራ ተፈጠረ ይላሉ።

የልኬቱ ጥራት የሚመሰገን ነው። ሆኖም የፈሰሰ ወይም የተበተነ ድንጋይ ዕድሜ፣ የስብራት ዕድሜ አይደለም። አመዱ መቼ እንደ ወደቀ ቢታወቅም፣ ስብራቱ ዛሬ የምናየውን ከፍታና ዝቅታ የሠራው በዚያው ጊዜ ይሁን ወይም ከዚያ በኋላ ተጨምሮ፣ በዚህ ብቻ አይፈረድም። በመጀመሪያው ጥናት ላይም የሚነሣ ነጥብ አለ። የስብራትና የዳይክ አቅጣጫ መሬቱ ወዴት እንደ ተጎተተ ይናገር ይሆናል እንጂ፣ መቼ እንደ ተጎተተ አይናገርም።

ዘመኑን ሊናገር የሚችለው ምስክር ሰርጎ ገብ ድንጋይ ነው። ዳይክ ማለት ቅልጥ አለት የቆየውን ድንጋይ ሰንጥቆ ገብቶ እንደ ግድግዳ የቆመ ነው። ስብራቱን አቋርጦ ሳይሰበር ያለፈ ዳይክ፣ ስብራቱ ከእርሱ በፊት መቆሙን ይመሰክራል፤ በስብራቱ የተቆረጠ ዳይክ ግን እንቅስቃሴው ከእርሱ በኋላ መኖሩን ይመሰክራል። እንግዲህ አንድ ዳይክ አንድ ወሰን ብቻ ይሰጣል፤ ዘመኑን ከሁለት ወገን ለመያዝ ሁለቱም ዓይነት ያስፈልጋሉ። በትግራይ የነጋሽ ግራናይት 608 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የታጠፉትን ጥንታውያን ድንጋዮች ሰብሮ ስለ ገባ፣ ዋናው መታጠፍ ከእርሱ እንደሚቀድም ያስረዳል።

ጥንቃቄም ያሻል። ቅልጥ አለት ቀድሞ የነበረውን ስብራት ተከትሎ የገባ እንደ ሆነ፣ አለመቆረጡ ብቻውን ብዙ አያስረዳም። በድንጋይ ንብርብሮች መካከል በአግድም የገባውም ከፈሰሰ ባዛልት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ፈሳሹ የሚያቃጥለው ከሥሩ ያለውን ብቻ ሲሆን፣ ሰርጎ ገቡ ግን ከላይም ከታችም ያቃጥላል። ይህን ያልለየ ሰው የዘመኑን ቅደም ተከተል ያዛባል።

ስለዚህ ሁለቱ ጥናቶች የግድ አንዱ ሌላውን የሚሽር አይመስለኝም። ካልዴራው የሠራቸው ስብራቶች በኋላ ዘመን በመሬት መሳሳብ እንደገና ሊንቀሳቀሱ ይችላሉና። ክርክሩን የሚፈታው በሜዳው ደለል ላይ የሚደረግ ሐተታ ሳይሆን፣ አለቱ ገላጣ በሆነበት፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው ዳገትና በጎንደር በኩል፣ ስብራቶችን የሚያቋርጡ ዳይኮችን እየፈለጉ ዕድሜያቸውን በአርጎን መለካት ነው።

ጉዳዩ ለመጻሕፍት ቤት ብቻ የሚቀር አይደለም። ፕሬቭና ባልደረቦቹ በታና አካባቢ 33,000 ዓመት ያህል ብቻ ዕድሜ ያለው ባዛልት ለክተዋል። ለመሬት ይህ ትናንት ነው። በርብና በጉማራ ላይ ግድብና ድልድይ የሚሠራ፣ በፎገራም ጉድጓድ የሚቆፍር ሁሉ፣ ከሥሩ ያለው ስብራት የሞተ ይሁን ያንቀላፋ ማወቅ ይገባዋል።