ስለ ምድር አየር የጋማ ጨረር፤ ከባሌ ደጋ አንጻር የቀረበ ሒስ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. በኬንያ ጠረፍ ባሕር ላይ ከቆመው ከሳን ማርኮ መድረክ ሳስ-2 የተባለች ሳተላይት ተተኮሰች። ሥራዋ ከሩቅ ሰማይ የሚመጣውን የጋማ ጨረር መመርመር ነበር፤ ሰባት ወር ያህል ሠርታ የኤሌክትሪክ መሣሪያዋ ተበላሸ። ከሰማዩ ይልቅ ግን ምድር ራሷ እጅግ ደምቃ ታየች። ሌላው እንደ እንቅፋት የሚቆጥረውን ይህን ጨረር ቶምሰን፥ ሲምፕሰንና ኦዘል ለብቻው መርምረው በ1981 አሳተሙ። በዚህ ሊመሰገኑ ይገባቸዋል።

የምንነቅፈው በመጀመሪያ ስሙን ነው። ጨረሩን «አልቤዶ» ይሉታል፤ አልቤዶ ማለት ከወደቀበት ተመልሶ የሚንጸባረቅ ብርሃን ነው። የሮቤ ሰው ይህን ቢሰማ ከስንዴው ማሳ ወይም ከሳነቴ አመዳይ ላይ የሚነሣ ጸዳል ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ከጠፈር የመጣ ፕሮቶን ከአየር አቶም አስኳል ጋር ሲጋጭ ፓዮን የሚባል ቅንጣት ይወለዳል፤ እርሱም ወዲያው ወደ ሁለት የጋማ ጨረር ይለወጣል። ጨረሩ በአብዛኛው ፕሮቶኑ ያመራበትን አቅጣጫ ስለሚከተል፥ ሳተላይቷ ዘንድ በብዛት የሚደርሰው አየሩን በአግድም ሰንጥቆ የሚወጣው ነው። የምድር ጠርዝ ከመካከሏ ዐሥር ጊዜ ያህል ደምቆ የታየው ስለዚህ ነው። ምዕራቡ ጠርዝ ከምሥራቁ አራት እጥፍ መብለጡም የምድር ማግኔት ሥራ ነው፤ በወገብ አካባቢ ፕሮቶኖች ከምሥራቅ ይልቅ ከምዕራብ በቀላሉ ይገባሉና። መስታወት እንዲህ አያደርግም።

ሁለተኛው ነቀፋ ጥናቱን ሳይሆን አንባቢዎቹን ይመለከታል። «ሳተላይት ካለ የምድር ጣቢያ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። ሳተላይቷ ያየችው ሽቅብ የወጣውን ብቻ ነው፤ ቁልቁል የሚወርደው ቅንጣት አየሩ ውስጥ እየመነመነ ወደ እኛ ይመጣል። ይህን ለመለካት ባሌን የመሰለ ስፍራ ጥቂት ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር ያህል፥ ጎባ 2,700 ሜትር ያህል፥ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው፤ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደውም መንገድ በሳነቴ ላይ ያልፋል። ሦስቱ ተቀራራቢ ስለ ሆኑ የማግኔቱ ኀይል በሁሉም ዘንድ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚለየው ከላያቸው ያለው አየር ብዛት ብቻ ነው። ለማግኔታዊው ወገብ ቅርብ በሆነችው አገራችን ይህን ዕድል መናቅ አይገባንም።

አንድ ተቃውሞ እንጠብቃለን፤ የባሌ ድንጋይ ራሱ የጋማ ጨረር ያወጣል። እውነት ነው። የድንጋይ ጨረር ግን ከ3 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት እምብዛም አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ መቁጠር ይበቃል።