ሳያስፈቅዱ መቅዳትና የደራሲው ዕጣ

የደራሲን ሥራ ያለ ፈቃዱ አባዝቶ ማሰራጨት ስርቆት ነው ቢባል በአደባባይ የሚቃወም ሰው አይገኝም። በጓዳ የሚነገረው ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ደራሲው ይታወቅበታል እንጂ አይጎዳበትም፤ ዛሬ በነጻ ያነበበ ነገ ገዢ ይሆናል ይባላል። ይህን አሳብ የሌባ ማመካኛ ነው ብሎ ብቻ መጣል አይገባም። ከገዛ አገራችን ታሪክ ማስረጃ የሚጠራ ክርክር ስለ ሆነ፥ ማስረጃውን መመርመር የሐያሲ ፈንታ ነው።

ምርመራውን ከደብረ ታቦርና ከአካባቢው ብንጀምር መልካም ነው፤ በዚያ አገር መቅዳት ነውር ሳይሆን ሙያ ነበርና። በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ጉባኤ መኖሩ የታወቀ ነው። የድጓ ተማሪ ብራናውን ፍቆ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ ድጓውን ከነምልክቱ በገዛ እጁ ይጽፋል። ለመጻፍ ማንንም አያስፈቅድም። ይሁን እንጂ የጻፈው ድጓ በመምህሩ ፊት ቀርቦ፥ ምልክቱ ታይቶና ታርሞ ካልተመሰከረለት በስተቀር፥ አስመስክሬአለሁ ብሎ ወንበር ሊዘረጋ አይችልም። በብራና መጻሕፍት ላይ የሚጻፈውንም ግዝት ልብ ማለት ያሻል። ግዝቱ የሚያርፈው መጽሐፉን በሚሰርቅና ጽሕፈቱን በሚፍቅ ሰው ላይ ነው እንጂ በሚገለብጠው ላይ አይደለም። እንግዲህ አባቶቻችን ይፈሩ የነበረው የመጽሐፉን መባዛት ሳይሆን መጥፋቱንና መበላሸቱን ነው ማለት ይቻላል።

በፎገራ ናበጋ የተወለዱት የአለቃ ገብረ ሐና ነገርም ከዚሁ ጋራ የሚሄድ ነው። አለቃ ያወጡት አዲስ የአቋቋም ስልት በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ስላጣ፥ ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር አስተማረው ይባላል። ስልቱ ተማሪ ከተማሪ እየተቀባበለው ተስፋፋ፤ እስከ ዛሬም የሚጠራው በአባትየው ስም ሳይሆን «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ ነው። በቀልዳቸው የደረሰው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሌላ ሰው የፈጠረው ቀልድ ሁሉ ሳይቀር ለአለቃ ይሰጣል። የሰው አፍ የአንዱን ስም እየነሣ ለሌላው ይጨምራል።

ከድጓው ወደ ልብ ወለዱ ስንሻገር ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የአቶ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ እንደ ወጣ ታገደ፤ ከየመሸጫውም ተሰበሰበ። ደራሲው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከነበሩበት ሥልጣን ተነሡ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ ሳይመለሱ ቀሩ። ከመሰብሰብ ያመለጠው ቅጂ ግን በስውር ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ተነበበ፤ ተባዛም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ እንደ ገና ሲታተም አንባቢው አስቀድሞ ይጠብቀው ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም ቀረበ። ያ ሁሉ ሰው ትእዛዙን አክብሮ ቅጂውን አስረክቦ ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ ስለ «ኦሮማይ» የምንናገረው እንደ ጠፋ መጽሐፍ ይሆን ነበር። በዚህ ላይ የቀጂዎቹን ውለታ የሚክድ ሐያሲ ፍርዱ የተዛባ ነው።

ድርጅቶችም ከዚህ ጥቅም የተለዩ አይደሉም። የማይክሮሶፍቱ ቢል ጌትስ በ1998 እ.ኤ.አ. ስለ ቻይና ሲናገሩ፥ ሰዎቹ መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ቢሰርቁ እንመርጣለን፥ ገንዘቡን በኋላ የምንሰበስብበትን መንገድ እንፈልጋለን እስከ ማለት ደርሰዋል። በአገራችንም ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየመሥሪያ ቤቱ የዐማርኛ መጻፊያ ለመሆን የበቁት በሽያጭ ብቻ አልነበረም። ስንቱ በደረሰኝ ስንቱ በፍላሽ እንደ ገባ፥ ይህን መጽሔት በቢሮው የሚያነብ ሹም ሳያውቀው አይቀርም።

ክርክሩ የሚሰናከለው ግን እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ ዛሬ ያጣውን ነገ ከመንግሥትና ከባንክ ይሰበስበዋል። ዘፋኙ ካሴቱ በየሱቁ ቢገለበጥበት፥ ዝናው ለሠርግና ለመድረክ ያስጠራዋል። የድጓው መምህርም የሚያድረው በመጽሐፍ ሽያጭ ሳይሆን ደብሩ በሚሰጠው ነበር። ልብ ወለድ ጸሓፊው ከመጽሐፉ በቀር የሚሸጠው ምን አለው? ሠርግ ላይ ልብ ወለድ አንብብልን ብሎ የሚጠራው የለም። መታወቅ ለእርሱ ወደ እንጀራ የሚወስድ ሌላ በር የለውም። «ኦሮማይ»ም ቢሆን ያተረፈው መጽሐፉን ነው፤ ደራሲው ከዚያ ትርፍ አንዲት ሳንቲም አልደረሳቸውም። ደግሞም ያ ቅጂ በገበያ የማይገኘውን መጽሐፍ ተካ እንጂ በመደብር ተደርድሮ ገዢ ከሚጠብቀው ጋራ አልተሻማም።

የዛሬው የስልክ ቅጂ ሌላም ጉድለት አለበት። በቤተ ልሔም የነበረው አራሚ በቴሌግራም የለም። ገጹ የተዘለለ፥ ፊደሉ የደበዘዘ፥ ሽፋኑና የባለ መብቱ ገጽ የተቆረጠ ቅጂ ከሙሉው እኩል ይዞራል። የባለ መብቱን ገጽ የሚቆርጥ ሰው ቀጂ አይደለም፤ በጥንቱ አነጋገር ፋቂ ነው፤ ግዝቱም ይመለከተዋል።

ሕጉ ቢሆን አዲስ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን መብት ደንግጎ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410ም ይህንኑ በሰፊው ዘርዝሯል። ነገር ግን የተጠየቀውን መጽሐፍ በከተማው ያጣ የደብረ ታቦር ተማሪ፥ ከስልኩ በቀር መደብር የሌለው የእስቴ ወይም የጋይንት መምህር፥ አዋጅ ቢነበብለት መጽሐፍ አያገኝም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ፥ ልክፈል ቢልም ገንዘቡን ለደራሲው የሚያደርስበት ቀላል መንገድ አልነበረውም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቴሌብር አለ። አሳታሚው ራሱ ያረመውን ቅጂ፥ ሽፋኑና ስሙ ሳይጎድል፥ በተማሪ ዐቅም ዋጋ፥ የመክፈያ ቁጥሩን በመጀመሪያው ገጽ አትሞ በዚያው በቴሌግራም ቢያወጣው የሚከለክለው ነገር አይታየኝም። ከዚያ በኋላ የሚቀዳው ሰው መጽሐፉ አልተገኘም የሚለው ምክንያት አይኖረውም።