25ኛው ቀን

ለንደን ይታተም የነበረው «ጀንትልማንስ ማጋዚን» በኦክቶበር 1794 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከሕንድ የተላከ አንድ ደብዳቤ አወጣ። ካዋስጂ የሚባል የእንግሊዝ ጦር በሬ ነጂ እንግሊዞችን ይወጋ በነበረው የሕንድ ገዥ በቲፑ ሱልጣን ሰዎች እጅ ወድቆ አፍንጫውንና አንድ እጁን ተቆርጧል። ዓመት ያህል እንዲያ ከኖረ በኋላ፣ ፑና አጠገብ የሚኖር ከጡብ ሠሪዎች ወገን የሆነ ሰው አዲስ አፍንጫ ሠራለት። ባለ እጅን «ቡዳ» እያለ ሲሸሽ የኖረ አገር ልጅ ነኝና «ጡብ ሠሪ» የምትለዋን ቃል ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ሰውዬው መጀመሪያ በስስ ሰም የአፍንጫ ቅርጽ አበጅቶ ጉድለቱ ላይ ለካ። ሰሙን ዘርግቶ ግንባር ላይ አስቀመጠና፣ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ እንደሚያደርገው ዙሪያውን አሰመረ። ቆዳውን በመስመሩ ገፈፈ፤ ነገር ግን በሁለቱ ዓይኖች መካከል ቀጭን ድልድይ ሳይቆርጥ ተወ። ቆዳው ዞሮ ወደ ታች ሲወርድ ደም የሚያገኘው በዚያች ድልድይ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቢላዋው ከተቀመጠ በኋላ ያለው ሥራ ነው። እንጨት ተቀቅሎ የሚገኘውን ካቴቹ በውሃ አላልቶ ብጣሽ ጨርቅ ላይ ይቀባል፤ አምስት ስድስቱን ደራርቦ መጋጠሚያው ላይ ይለጥፋል። አራት ቀን ሌላ ነገር አይደረግበትም። ከዚያ ያ ይነሣና በተነጠረ ቅቤ የተነከረ ጨርቅ ይተካዋል። ታማሚው አምስት ስድስት ቀን በጀርባው ይተኛል። በአሥረኛው ቀን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ለስላሳ ጨርቅ ይገባል፤ ቁስል ሲድን ይኮማተራልና እንዳይጠቡ ነው። በጥንቱ የሕንድ ሐኪም በሱሽሩታ መጽሐፍ ደግሞ ትንፋሽ እንዲያልፍ የሚገቡት ሁለት የጉሎ ቀሰሞች ናቸው፤ ቁስሉም ላይ የሰሊጥ ዘይት ይንጠባጠባል። ጉሎ! እኛ ፍሬውን ምጣድ የምናሟሽበት።

ዛሬ ለውበት አፍንጫ የሚያስተካክል ሐኪምም ሙቅ ውሃ ያለሰለሰውን ፕላስቲክ አፍንጫው ላይ ይቀርጽና ሳምንት ያህል ያቆየዋል። ትራስ ከፍ ይላል፣ መናፈጥ ክልክል ነው፣ ማስነጠስም አፍ ተከፍቶ ነው። ፕላስቲኩ ሲነሣ መስታወት ውስጥ የሚታየው ያበጠ አፍንጫ ስለሆነ ብዙው ሰው ይደነግጣል። የጫፉ እብጠት ጨርሶ እስኪወርድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ገንዘብ የከፈለ ሰው ደግሞ ይህን መስማት አይወድም።

የፑናው ሰው ድልድይዋን የሚቆርጣት በ25ኛው ቀን ገደማ ነው። እስከዚያ አዲሱ ቆዳ ከሥሩ የራሱን ደም ሥር ያበቅላል፤ የዛሬ ሐኪሞችም ከግንባር በተወሰደ ቆዳ ሲሠሩ ሦስት ሳምንት ያህል ይጠብቃሉ። ድልድይዋ ስትቆረጥ ትንሽ ተከርክሞ ቅርጹ ይስተካከላል። ድልድይዋ ሳትቆረጥ ግን ነርቩ ገና የግንባር ነው፤ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ የሰውየው እጅ የሚሮጠው ወደ ግንባሩ ነው።