በስልክ ስለሚሸጥ የአመጋገብ ትምህርት

ሰው አንድ ነገር ሊገዛ ሲነሣ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «የምገዛው ነገር ምንድር ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ምክንያት እንዲህ ነው። ቡታጅራ ሳስተምር ተማሪዬ የነበረች፥ ዛሬ በዚያው ከተማ ሱቅ ያላት አንዲት ሴት ባለፈው ወር ወደ ወልቂጤ ልትጠይቀኝ መጣች። ክብደቷን ለመቀነስ ብላ በቴሌብር 2,000 ብር ከፍላ የ30 ቀን የአመጋገብ ትምህርት በቴሌግራም ተልኮላት ኖሯል። «ጋሼ፥ ወሩ አለቀ፤ ለሁለተኛው ወር ልክፈል ወይስ ልተወው?» አለችኝ። እኔም የተማሪ ደብተር እንደማርም ሆኜ ሦስት ማታ ተቀምጬ አነበብሁት።

በመጀመሪያ መልካሙን ልናገር። ስኳርና ለስላሳ መጠጥ ቀንሱ፥ አትክልት አብዙ፥ በየቀኑ ተራመዱ ይላል፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን እውነት በ2014 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም ያለ ዋጋ ይናገረዋል፤ የጤና ጣቢያ ነርስም ለጠየቃት ሁሉ ትነግረዋለች። እንግዲህ ብሩ የተከፈለው ለዕውቀቱ ከሆነ፥ በነጻ ለሚገኝ ነገር ተከፍሏል ማለት ነው።

ጉድለቱ ግን ሦስት ነው። አንደኛው፥ ጸሐፊው የሚበላውን ሰው አለማወቁ ነው። አጃ፥ አልሞንድ፥ የወይራ ዘይት ብሉ ይላል፤ ስለ ቆጮ ግን አንድ ቃል አልጻፈም። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ መጠኑን ቀንሶ ከጎመን፥ ከአይብና ከባቄላ ጋር መብላት እንደሚሻል፥ የክትፎውም ቅቤ በማንኪያ እየተለካ ቢገባ እንደሚበጅ የሚነግራት ያስፈልጋት ነበር። ስለ ጾም ወራትና ስለ ረመዳንም ዝም ብሏል።

ሁለተኛውና የከፋው፥ ሕመም እንዳለባት የጠየቃት አለመኖሩ ነው። ይህች ሴት ስኳር ሕመም አለባት፤ ኪኒንም ትወስዳለች። «ቁርስ ይቅር» የሚለውን ትእዛዝ ፈጽማ፥ ኪኒኗን ግን እንደ ልማዷ ስለ ዋጠች፥ በዘጠነኛው ቀን ከሱቋ ውስጥ ላብ አጠመቃት፤ እጅና እግሯም ተንቀጠቀጠ። ራሷን ከመሳቷ በፊት ጎረቤቷ ስኳር በጥብጣ ባታጠጣት ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። አንዳንዱ የስኳር መድኃኒት ምግብ ሲጓደል የደሙን ስኳር ከልክ በታች ያወርደዋልና፥ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር ምግቡን ሊያጓድል አይገባውም።

ሦስተኛው፥ በ30 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ «እንዴት ነሽ?» ያላት አለመኖሩ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ጂን ኒዴች የተባለች የኒው ዮርክ የቤት እመቤት፥ የከተማው ጤና መሥሪያ ቤት ከሚረዳው ክሊኒክ የአመጋገብ ትእዛዝ በነጻ ተቀበለች፤ ብቻዋን ሆና ግን መጠበቁ አስቸገራት። ስለዚህ ጓደኞቿን በየሳምንቱ ከቤቷ ሰብስባ መመካከር ጀመረች። ዌይት ዋቸርስ የተባለው ታላቅ ኩባንያ በ1963 የተወለደው ከዚህ ስብሰባ ነው። ሕዝቡ የከፈለው ለትእዛዙ ሳይሆን «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ብሎ ለሚጠይቀው ሰው ነበር። በ2005 ታትሞ የወጣ የአሜሪካ ጥናትም 160 ሰዎችን በአራት ዓይነት አመጋገብ መድቦ አንድ ዓመት ቢከታተል፥ ክብደትን የቀነሰው የምግቡ ዓይነት ሳይሆን የተመደበለትን አጥብቆ መጠበቅ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ለተማሪዬ እንዲህ አልኋት፦ «ሁለተኛውን ወር አትክፈዪ። አስቀድሞ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ። ከዚያም ከዕቁብ ጓደኞችሽ ሁለቱን ያዢ፤ በዕጣው ቀን ስለ ገንዘቡ እንደምትጠያየቁ ሁሉ ስለ ማዕዳችሁም ተጠያየቁ። ማታ ከሱቅ ስትመለሱም ባጃጁን ትታችሁ በእግር ሂዱ።»

አንባቢ ሆይ፥ ሕመምህን የሚጠይቅ፥ ማዕድህን የሚያውቅ፥ በየሳምንቱም የሚከታተልህ ባለሙያ ካገኘህ ሳትሳሳ ክፈለው፤ ለድካሙ ዋጋ ይገባዋል። ይህ ከሌለ ግን የገዛኸው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ይህን ስፈርድ ራሴንም አልምርም። ብዙ ዓመት ሙሉ የምግብ ዓይነቶችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገልብጫለሁ፤ «ዛሬ ጠዋት ምን በልታችሁ መጣችሁ?» ብዬ የጠየቅሁበት ቀን ግን ጥቂት ነው።