«ድሮም በጥቁር ገበያ ዋጋ ነበር» የሚለው ክርክር ሰንበቴ ላይ ሲፈተን

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የዶላርን ዋጋ ለገበያ ሲለቀው አንድ ክርክር ደጋግማችሁ ሰምታችኋል፦ «ዕቃው ድሮም የሚሸጠው በጥቁር ገበያ ዶላር ሒሳብ ነው፤ ስለዚህ ዋጋ የሚጨምርበት ምክንያት የለም።» ክርክሩ የሞኝ አይደለም። ይፋዊው ምንዛሪ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ፤ ጥቁር ገበያው ግን ቀድሞውኑ እዚያ ደርሶ ነበር። ስለ ስልክና ስለ መኪና መለዋወጫ ከሆነ የምናወራው፣ እኔም ብዙም አልከራከርም።

እስቲ ሰንበቴ ወስደን እንፈትነው።

ሰንበቴ ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። እሑድ እሑድ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ አላት። እዚያ ዶላር ይዞ የሚመጣ ገበሬ የለም። ዶላሩ የሚገባው በሁለት በር ነው። አንዱ ማሾ ነው፤ በዚህ ቆላ አካባቢ በስፋት ይመረታል፣ ወደ ውጭም ይላካል። ሁለተኛው ማዳበሪያ ነው፤ እሱ ደግሞ ከውጭ ይመጣል።

አሁን ክርክሩን በሁለቱም በር አስገቡት። በማሾ በኩል እውነትነት አለው። ከለውጡ በፊት ብዙ ላኪዎች ምርቱን ከዓለም ዋጋ በላይ ገዝተው በኪሳራ ይልኩ ነበር። ለምን? ያገኙትን ዶላር ዕቃ አስመጥተው ስለሚያካክሱት። ስለዚህ የማሾ ዋጋ የጥቁር ገበያውን ዶላር በከፊል ቀድሞ ቀምሶታል፤ ከለውጡ በኋላ የሚጨምርበት ቦታ ጠባብ ነው። ማዳበሪያ ግን በመንግሥት በኩል፣ በይፋዊው ምንዛሪ ነበር የሚገባው። «ድሮም በጥቁር ገበያ ዋጋ ነበር» የሚለው ነገር እዚህ ጋ ጨርሶ አይሠራም። መንግሥት ራሱ ከለውጡ ጋር ለማዳበሪያ ድጎማ ማሳወቁ ይህን ያሳያል፤ ምንም የማይለወጥ ከሆነ ድጎማው ለምን አስፈለገ?

በቁጥር እንየው (ቁጥሩ ለማሳያ ብቻ ነው)። አንድ አባወራ ማሾ ሸጦ 20,000 ብር ያገኛል፤ ለጤፉ ማዳበሪያ የወሰደውን 8,000 ብር ብድር ይከፍላል፤ 12,000 ይቀረዋል። ማሾው በ20 በመቶ፣ ማዳበሪያው በ50 በመቶ ጨመረ እንበል። 24,000 አግኝቶ 12,000 ይከፍላል፤ የሚቀረው ያው 12,000 ነው። ዘይቱና ስኳሩ ግን ያው አይደሉም። ብድሩ ደግሞ በግማሽ አድጓል። ዝናብ የቀረ ዓመት የሚመጣው ጣጣ 8,000 ሳይሆን 12,000 ነው ማለት ነው።

ለነገሩ፣ ከዶላር ብድር ጋር የሚያገናኘን የሰንበቴው ገበሬ ብቻ አይደለም። አገራችን በ2007 ዓ.ም. በዩሮቦንድ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች፣ በ6.625 በመቶ ወለድ። ያኔ ዶላር 20 ብር ገደማ ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። በየ6 ወሩ የምትከፈል ወለድ መሆኗ ነው እንግዲህ! የምንዛሪ ለውጡም የመጣው ዕዳው በሚሸጋሸግበትና ከአይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር በሚፈቀድበት ሰሞን ነው።

ከክርክሩ ተቃራኒ ሆኖ ደግሞ «የዋጋ ንረት ተበዳሪን ይጠቅማል» የሚል የመማሪያ መጽሐፍ እውቀት አለ። በብር የተወሰነ ዕዳ፣ ብር ሲረክስ ይቀላል፤ ትክክል ነው። ወለድ በማይነካበት አካባቢ ባንክ ማዳበሪያውን ገዝቶ ትርፉን ቀድሞ አሳውቆ በዱቤ ሲሸጥም (ሙራባሃ ይባላል) ዕዳው በብር የተቆረጠ ነው። ግን ይህ ጥቅም የሚገኘው ሸቀጡን ይዞ መቆየት ለሚችል ሰው ነው። ዕዳው የሚከፈለው አዝመራ ሲሰበሰብ ነው፤ ያኔ ሁሉም ይሸጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። ከወራት በኋላ የሚመጣውን ዋጋ የሚያገኘው መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው። ገበሬው ደግሞ በቀጣዩ ክረምት ማዳበሪያ በአዲሱ ዋጋ ለመውሰድ እንደገና ይፈርማል።